የጸለይሽለት ነፍሰ ገዳይ

እማዬ፣ የኔ ቆንጆ፣

ከተለየሽኝ ዓመት ሊሞላ ነው። ልጽፍልሽ ስነሳ እንባ ይቀድመኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ የቀደመኝ ግን ሳቅ ነው። የሆነውን ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ።

መጀመሪያ የቤቱ ወሬ። መካኒሳ ደህና ናት። ከፊታችን የነበረው ጎሚስታ ቤት ፈርሶ ፎቅ እየወጣ ነው። ፀሐዩን ስለጋረደብኝ የሥራ ጠረጴዛዬን ወደ ሳሎን አወጣሁት። አንቺ ስንት ዓመት ለምነሽኝ እምቢ ያልኩሽን ነገር ግንበኞቹ አስደረጉኝ።

እኔ ያው ነኝ። አሁንም ቤቴ ተቀምጬ የወንጀል ልብ ወለድ እተረጉማለሁ፣ የሌሎችንም አርማለሁ። ሥራዬን ለሚጠይቅሽ ሰው ሁሉ፣ ልጄ ሰው ስታስገድል ትውላለች እያልሽ ታስደነግጪው ነበር። ግን የተረጎምኩትን ካንቺ ቀድሞ የሰማው የለም። አንቺ ምስር ትለቅሚያለሽ፣ እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ። እጅሽ ከቆመ ዓረፍተ ነገሩ ወይ ግሩም ነው ወይ አማርኛ አይደለም፤ የትኛው እንደሆነ ፊትሽን አይቼ እለያለሁ።

የመጨረሻው መጽሐፋችን ትዝ ይልሻል? ባልንጀራውን መርዞ የገደለው የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ ሳሙኤል። ገዳይነቱ ገና ከጅምሩ ይታወቃል፤ የማይታወቀው ይናዘዝ አይናዘዝ ነው። መጨረሻውን ንገሪኝ ብለሽ ነዘነዝሽኝ፤ እኔም ተራው ሲደርስ ትሰሚዋለሽ አልኩሽ። ጥቂት ምዕራፎች ሲቀሩን አረፍሽ።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉን መግለጥ አቃተኝ። ማንበብ ስጀምር ቤቱ ጭር ይልብኛል። አሳታሚው ታገሰኝ፣ ታገሰኝና በመጨረሻ ለሌላ ተርጓሚ ልስጠው ወይ ብሎ ደወለ። ስጠው ልለው ትንሽ ነበር የቀረኝ። መጽሐፉን ብቻ አይደለም፣ ሥራውንም ጭምር እርግፍ አድርጌ ልተወው ነበር።

በዚያው ሰሞን የጸሎት ጓደኞችሽ እንደልማዳቸው መጡ። አንቺ ካረፍሽ በኋላም እኛ ቤት መጸለይ አልተዉም። ሲጨርሱ እትዬ ብርቄ ጠጋ ብለው፣ ሳሙኤል ከምን ደረሰ ሲሉ ጠየቁኝ። የትኛው ሳሙኤል አልኳቸው። ነፍስ ያጠፋው ዘመዳችሁ ነዋ፣ እናትሽ አደራ ያለችን፣ እስከዛሬ በጾም በጸሎት የያዝነው አሉኝ።

እማዬ! ለመጽሐፍ ሰው አስጾምሻቸው! ዘመዴ ነው ብለሽ እንደማትዋሺ አውቃለሁ። ሳሙኤል ነፍስ አጥፍቷልና ጸልዩለት ብለሽ ይሆናል፤ የቀረውን እነሱ ሞልተውታል። አንዷማ እስር ቤት ልትጠይቀው ጋቢ ገዝታለታለች።

እውነቱን ነገርኳቸው። ከዚያ እትዬ ብርቄ ሳቅ ጀመሩ፤ በነጠላቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ ሳቁ። ባለጋቢዋ ብቻ አኮረፈች። ግን እሷው ነች ቀድማ፣ ታዲያ ተናዘዘ ወይስ አልተናዘዘም ያለችው። ካልሰማን አንሄድም አሉ።

መጽሐፉን አወጣሁና ከእንግሊዝኛው ላይ እያየሁ በአማርኛ አነብላቸው ጀመር። ከላፍቶ የመጡት ሲመሽ ታክሲ እንደሚያጡ እያወቁ አልተነሱም። ሳሙኤል ማንም ሳያስገድደው፣ መርማሪው ተስፋ ቆርጦ መዝገቡን ከዘጋው በኋላ፣ በገዛ እግሩ ሄዶ ተናዘዘ። ሴቶቹ ሃሌሉያ ሲሉ የፎቁ ግንበኞች ሥራ አቁመው ወደኛ አዩ። እንዲህ ያለ አቀባበል ያገኘ ተርጓሚ ካለ ንገሪኝ! በማግስቱ በአፌ ያልኩትን ሁሉ ጻፍኩት። መጽሐፉ ታትሟል። አሁን ሌላ ጀምረናል፤ መጀመሪያ ጸሎት፣ ቀጥሎ ግድያ።

አንድ ነገር ብቻ ይቆጨኝ ነበር፤ መጨረሻውን ሳትሰሚ መሄድሽ። ይህንን ለእትዬ ብርቄ ስነግራቸው ገረማቸው። እናትሽ መቼ ይናዘዝ ብላ ለመነች፣ ስለሚናዘዝ ተመስገን ነበር የምትለው አሉኝ። ስለኔስ ምን ትል ነበር ብዬ ጠየቅኳቸው። ልጄ እኔ ባልኖርም ሥራዋን ስለማትተው ተመስገን ትል ነበር አሉኝ።

እማዬ፣ አልተውኩትም። በሕይወት እስካለሁ አንቺን አልረሳም፤ ጮክ ብዬ ባነበብኩ ቁጥር ለአንቺም ነው የማነበው።

ልጅሽ