በአርዲስ ስም የሚመጣው ፖስታ

ይድረስ ለምወድዎት አያቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ብርዱን እንዴት ይዞታል? ያቺ አሮጌ ፒካፕ አሁንም ጠዋት ጠዋት እንደ እርስዎ እያሳለች ነው የምትነሳው? እኔ ደህና ነኝ። ኦማሃ ጎሚስታ ቤት ውዬ፣ እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥቤ ነው ይህን ወረቀት የያዝኩት፤ ዳር ዳሩ ላይ ጥቁር የጣት ምልክት ካዩ ፊርማዬ ነው ብለው ይለፉት። ትምህርቱን አሥረኛ ክፍል ላይ ስላቋረጥኩ የፊደል ስህተትም አይጠፋም። እሱን እንኳ ለምደውታል።

ትናንት ጎረቤትዎ ዱዌን ደወለልኝ። ጎረቤቴ ወሬ አመላላሽ ሆነ ብለው እንዳይቆጡት፤ ተጨንቆ ነው። "አያትህ የአርዲስን የግድግዳ ሰዓት አውርደው፣ በፎጣ ጠቅልለው፣ ፋብሪካው በር ላይ ለዘበኛው ሰጥተው መጡ" አለኝ። ዘበኛው ግራ ገብቶት "ማን ላከው ልበል?" ቢልዎት፣ "የረሷት ሴት ባል በላቸው" ብለው ሄዱ አሉ።

ያን ሰዓት እማማ አርዲስ እዚያ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመስኖ ቧንቧ የጎማ ቀለበት ስታሽግ ኖራ የተሸለመችው ነው። ዝም ብዬ ልተኛ አልቻልኩም።

አባባ፣ ፋብሪካው አልረሳትም። የሰረዝኳት እኔ ነኝ።

ባለፈው የበረዶ ወራት፣ የፋብሪካውን አክሲዮናችሁን በኢንተርኔት ወደሚሠራው ደላላ እናዛውረው ብዬ የለፈለፍኩትን ያስታውሳሉ። ፋብሪካው በየሦስት ወሩ የሚሰጠው የትርፍ ድርሻ ቼክ ሆኖ ቤት ከሚመጣ፣ እዚያው በራሱ ጊዜ ተመልሶ አክሲዮን ይግዛ፤ ያም አክሲዮን የራሱን ትርፍ ያምጣ፤ እርስዎም አሥራ ሁለት ማይል በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ባንክ መሄዱ ይቅርብዎ አልኩ። "ገንዘቡ እርስዎ ተኝተው እያለ ይወልዳል፣ አዋላጅ እንኳ አይፈልግም" ብዬ አሳቅሁዎት። እርስዎ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። "ቼኩ ይቅር፤ ወረቀቱ ግን በፖስታ ይመጣል?" አሉኝ። "ይመጣል" አልኩ። "እሺ አንተ ቀዥቃዣ" ብለው ሳያነቡ ፈረሙልኝ።

ያልነገርኩዎት ይኸውልዎ። አክሲዮኑ በሁለታችሁ ስም ነበር። ቅጹ ላይ "ሁለተኛዋ ባለቤት በሕይወት አሉ?" የሚል ጥያቄ መጣ። "የሉም" የሚለውን በጣቴ ነካሁ። ማስረጃ አምጣ አለኝ። ባትሪ ልፈልግ ብዬ የእማማን የስፌት መሳቢያ የበረበርኩበት ቀን ትዝ ይልዎታል? "ክር መሃል ምን ባትሪ አለ፣ አንተ ደንቆሮ?" ብለውኝ ነበር። የሞት ምስክር ወረቀቷን ነበር የፈለግሁት። በስልኬ ፎቶ አነሳሁት፣ ላክሁት፣ ከዚያ እንደነበረ ከክሮቿ ሥር መለስኩት። በአራተኛው ቀን ስሟ ከአክሲዮኑ ላይ ተሰረዘ። እኔም "ትርፉ በራሱ አክሲዮን ይግዛ" የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ እንደ ትልቅ ሰው ኮራሁ። ለምን እንዳልነገርኩዎት ይጠይቁኛል። ያንን "የሉም" ፊትዎ ቆሜ ልለው ስላልቻልኩ ነው።

ለፋሲካ ስመጣ ወረቀቱን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ጠበቁኝ። "እስቲ ተመልከት፤ አንድ ስም። ሠላሳ ዓመት ጣቷ እስኪጣመም ሠራችላቸው፣ በአንድ ወረቀት አወጧት" አሉኝ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ምን አልኩ? "ድንቹን ያቀብሉኝ።"

ዛሬ ጎማ እየፈታሁ ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። እማማ ካረፈች በኋላ፣ በቼክ ቀን ወደ ካፌው ይዘውኝ ሲሄዱ፣ ፖስታውን ስሟ ወደ እርስዎ እንዲዞር አድርገው የቁንዶ በርበሬው ዕቃ ላይ ያስደግፉት ነበር። የቺሊ ወጡና የቀረፋ ዳቦው ሲመጣ "ለፖስታውም ማንኪያ ይምጣለት?" ብዬ አስተናጋጇን አሳቅኋት። እርስዎም ሳቁ። ከዚያ ዳቦውን አጋምሰው ግማሹን ፖስታው ፊት አስቀመጡ። ቀልዴን የተቀበሉኝ መስሎኝ ያንን ግማሽ አንስቼ በላሁት።

ዛሬ በምሳ ሰዓት ደላላው ቢሮ ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሳች። ስሟን መልሱልኝ አልኳት። "የሞተ ሰው ስም ተመልሶ አይገባም" አለችኝ። "እናንተ በአንድ ጣት ታስወጣላችሁ፣ በአሥር ጣት አታስገቡም?" አልኳት። አልሳቀችም። "አዝናለሁ፣ ወንድሜ" አለችኝ። ያን በራሱ የሚገዛውን ነገር ግን አስቁሜዋለሁ። ከዲሴምበር ጀምሮ ቼኩ እንደ ድሮው ቤት ይመጣል፤ የሚመጣው ግን በእርስዎ ስም ብቻ ነው። ከዚህ በላይ ማድረግ አልቻልኩም።

ለዘበኛውም ደውዬለታለሁ። ሰዓቱን ከፎጣው ሳያወጣ አስቀምጦታል፤ ሰዓቱም እዚያው ፎጣው ውስጥ ሆኖ ይቆጥራል አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ተቀብዬው እመጣለሁ። በሩን ባይከፍቱልኝ አይፈረድብዎትም፤ ሰዓቱን በረንዳው ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ። ቢከፍቱልኝ ደግሞ ሚስማሩ ያለበትን አውቀዋለሁ።

ፈጣሪ ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ መንገድዎን ከበረዶ ይጠብቅልኝ፣ ለመቆጣትም ቢሆን ዕድሜ ይስጥልኝ።

ጥፋተኛው ቀዥቃዣ የልጅዎ ልጅ

የረሳሁት፦ ይህን ፖስታ እንዳይጥሉት። እንደ ልጅነቴ የፖስታ ሳጥንዎ ውስጥ እንቁራሪት አልጨመርኩም። ላዩ ላይ የሁለታችሁንም ስም በእጄ ጽፌአለሁ፣ የእሷን አስቀድሜ። በየሦስት ወሩም እንዲሁ አድርጌ እጽፋለሁ። ቅዳሜ ካፌው ከሄድን ይዘውት ይምጡ። ግማሹን ዳቦ አልነካም።