ጥሩምባው የአብዱን ስም ሲጠራ

ውድ ሳልህ፣ የቤቴ አባወራ፣

ከተለየኸን ክረምቱ ዞሮ መጣ። የኮልፌ ጭቃ እንደምታውቀው ነው። ሱቁን ከፍቼ እውላለሁ። ሰፈሩ ዛሬም «አረብ ቤት» ይለዋል፤ ከባንኮኒው ኋላ የቀረሁት ግን እኔ የኮልፌዋ ልጅ ነኝ። ይህን የምጽፍልህ አንተ እየቀለድክብኝ በማታ ትምህርት በለመድኩት ፊደል ነውና ስህተት ብታገኝ እንዳትስቅብኝ።

ልጃችን አብዱ ታስሯል። ዕቃ ሊያመጣ አየር ጤና ሲደርስ ፖሊስ ወረቀት ጠየቀው። እሱ የተመዘገበው ባንተ የመኖሪያ ፈቃድ ላይ ነበር፤ ለካ ፈቃዱም አብሮህ ሞቷል። ማን ነገረን? አሁን ወደ አባቱ አገር ይሂድ ይላሉ። የመንን አይቶ የማያውቅ፣ አረብኛው ካንተ የሰማው ሰላምታና ስድብ ብቻ የሆነ ልጅ!

ችሎት ሲያቀርቡት ዳኛው «ጠበቃ አለው ወይ?» ሲሉኝ የጃንሆይ ፎቶግራፍ ከግድግዳው ላይ እያየኝ «የለውም» አልኩ። በአንድ ሳሙና ዋጋ ግማሽ ቀን የምከራከር ሴትዮ ከዚያች ቃል ሌላ አልጨመርኩም። ያንተ ዘመዶች ባሕር ማዶ ናቸው፤ የኔዎቹ ችሎት ፊት ቆመው አያውቁም። በየቀኑ ምሳ ይዤ ጣቢያ እሄዳለሁ። ምሳውን ያስገባሉ፣ እኔን አያስገቡም። ቤት ስገባ ጣራው ይጫነኛል።

ሲጨንቀኝ የዕድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ወልዴ ዘንድ ሄድኩ። «ልጄ፣ ዕድር ለሞተ እንጂ ለታሰረ አይደለም» አሉኝ። በሰው ሁሉ ቀብር አካፋ ይዘህ ቀድመህ ትወጣ እንደነበር ነገርኳቸው። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጥሩምባ ተነፋ። ያንተን ሞት የለፈፈው ያው ጥሩምባ ደጃፌ ላይ የአብዱን ስም ጠራ። ሳልህ፣ ልጄን ገደሉት ብዬ ራሴን ሳልሸፍን ወጣሁ። ሴቶቹ እያለቀሱ ደርሰው ነበር። ለካ ጋሽ ወልዴ እንቅልፍ አልወስድ ብሏቸው አድረዋል፤ ጥሩምባውን ያስነፉት እሳቸው ናቸው። ሰው መሰብሰቢያ ሌላ ዘዴ አያውቁም፣ ጥሩምባ ነፊውም ከመርዶ ሌላ መለፈፍ አያውቅም። «የሞተ የለም» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ግን ይህን ልጅ ባሕር ካሻገሩት ለእናቱ ከሞት በምን ይለያል? ከቀበርን በኋላ ብቻ ነው የምንቆመው?» ሰዉ የለቅሶ ልብሱን እንደለበሰ ተያይዞ ወደ ጠበቃ ቢሮ ሄደ። ጠበቃው መጀመሪያ አስከሬኑ የት ነው አለ አሉ።

እናቱ ኢትዮጵያዊት ስለሆነች የምንከራከርበት አለን ብሎ ጉዳዩን ይዟል። ዕድሩም ከእንግዲህ ጠበቃ ላጣ የመጤ ቤተሰብ እንቆማለን ብሎ ወስኗል። ቀጠሮው ግን ገና ነው። አብዱ ዛሬም ከብረቱ ወዲያ ነው፤ እኔም ከበሩ ወዲህ። እፈራለሁ፣ ሳልህ።

በሕይወት እስካለሁ አልረሳህም። ጥሩምባው ያንተን ስም ሲጠራ ሊመልስህ የቻለ አልነበረም። የልጅህን ሲጠራ ግን ሰፈሩ ሁሉ አቤት ብሏል።

ባለቤትህ ዘይነባ