የአዋላጇ መኪና ቀይ መብራት

ውድ አባዬ፣

እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህን ያምህ የነበረው ለቀቀህ ወይስ ዛሬም ግንብ ሥር ተንበርክከህ ነው የምትውለው? እማዬስ ዓይኗን ታየች? እህቴስ ፈተናዋን እንዴት ተወጣችው? የአንዳችሁን ደህንነት ስጠይቅ የሌላችሁ ትዝ እያለኝ ብዕሬ ከጥያቄ አልወጣ አለ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ እጄ ዘይት ዘይት ከመሽተቱ በቀር ምንም አልሆንኩ። ዛሬ የጻፍኩልህ ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም፤ ትንሽ ልጎርርብህ ነው።

ዋናው መካኒካችን ረጅም ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ ተክለው፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ደግነው ነው ብልሽት የሚያውቁት። ጋራዡ በሙሉ «ጋሽ ጆሮ» ይላቸዋል፣ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል። ባለፈው ሳምንት የአንዲት አዋላጅ መኪና መጣች። ሴትየዋ ከቤት ቤት እየዞረች ነው የምታዋልደው፤ ሌላ መኪና የላትም። ጥቂት ስትነዳ የዘይቱ ቀይ መብራት ይበራባታል። የዘይቱን መጠን በመለኪያ ዘንጉ ብናየው ልክ ነው። ጋሽ ጆሮ አዳመጡና «የሞተሩ ሆድ ዕቃ ተበልቷል፣ ይውረድ» አሉ። ይህ ማለት ሞተሩ ተፈትቶ እስኪታደስ መኪናዋ ወር ሙሉ ትቆማለች ማለት ነው።

እኔ ጋራዥ ከገባሁ ገና ዓመቴ ነው። እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም፣ «መጀመሪያ የዘይቱን ግፊት በጌጅ እንለካው» አልኩ። «ጆሮዬን በጌጅ ልትፈትኚው ነው?» ብለው ሳቁ እንጂ አልከለከሉኝም። መብራቱን የሚያበራውን ሴንሰር ፈትቼ በቦታው ጌጁን አሰርኩ። ሞተሩ ሲነሳ ግፊቱ ደህና ነበር። ትንሽ እንደሠራ መውረድ ጀመረ፤ ነዳጅ ስሰጠው ጭራሽ ባሰበት። መብራቱ አልዋሸም ማለት ነው። «አላልኩም?» አሉ። እኔ ግን አጥፍቼ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ አሳርፌ መልሼ አስነሳሁት። ግፊቱ ተመለሰ፤ ቆይቶ እንደገና ወረደ። የተበላ ሞተር ቢሆን ኖሮ በአምስት ደቂቃ ዕረፍት አይሻለውም ነበር። የሆነ ነገር የዘይት ፓምፑን ጉሮሮ እያነቀ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ይለቃል ብዬ አሰብኩ።

ዘይቱን አፍስሼ ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ ስፈታ እንዳልኩት ሆነ። ፓምፑ ዘይት የሚስብበት ወንፊት በሲሊኮን ቁርጥራጭ ተደፍኗል። በደስታ ልጮህ ስል ቁርጥራጩን ለየሁት። ከሁለት ወር በፊት ይኸው መያዣ ሲያንጠባጥብ በሲሊኮን ያሸግኩት እኔው ነበርኩ!

አባዬ፣ ይህን ጥፋት ከማን እንደተማርኩት ብነግርህ አትቆጣ። ጡብ ስንደረድር «ሲሚንቶውን አትሰስቺ፣ ከመጋጠሚያው ተርፎ ይውጣ» ስትለኝ አይደል ያደግኩት? ሲሊኮኑንም እንደ ግንበኛ ልጅ አጠገብኩት። ወደ ውጭ የተረፈውን ጠረግኩ፣ ወደ ውስጥ የተረፈው ግን እየተቆረሰ ዘይቱ ውስጥ ገባ። ግንብ ውስጥ ዘይት አይዞርም፤ ይህን አላሰብኩም።

ጋሽ ጆሮ ምሳ ላይ ስለነበሩ ማንም አላየኝም። ወንፊቱን አጥቤ ባስረው የሚያውቅ የለም። ብናገር ደግሞ እባረራለሁ ብዬ ፈራሁ፤ አንድ ዓመት ሙሉ የለፋሁበት ሥራ ነው። ቢሆንም ወንፊቱን እንዳለ በጨርቅ ይዤ ሄድኩና «የእኔ እጅ ነው» አልኳቸው። ቁርጥራጯን በጣታቸው አሽተው «ለባለቤቷም አንቺው ንገሪያት» አሉ።

ወንፊቱን አጠብኩ፣ ሲሊኮኑን እንደ ክር አቅጥኜ ቀባሁ፣ አዲስ ዘይት ሞላሁ። ጌጁ አንድ ሰዓት ሙሉ ፍንክች አላለም። አዋላጇ ስትመጣ ሁሉንም ነገርኳት። ፊቷ ጠቆረ። «ምጥ የያዛት ሴት ጋ ስሄድ ቆማብኝ ቢሆንስ?» አለች። ይቅርታ ጠየቅኳት። ጋሽ ጆሮ ከኋላዬ መጥተው «እኔ ሞተሩን ላወርድብሽ ነበር። ያዳነችው እሷ ናት» አሏት። ተሳሳትኩ ሲሉ የሰማናቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ሴትየዋ ቁልፏን ይዛ ሄደች።

ከሦስት ቀን በኋላ ለጋሽ ጆሮ ደወለች። መንታ አዋልዳ መመለሷ ነው። «ከእንግዲህ ሞተሬን ያቺ ልጅ ብቻ ትንካው» አለቻቸው፤ እሳቸውም ስልኩን ዘግተው ሌላ የሚፈታ ሞተር ሰጡኝ፣ ለብቻዬ!

እማዬን ግንባሯን ሳምልኝ። እህቴን አይዞሽ በርቺ በልልኝ። መኪና የወንድ ሥራ ነው ላለው አጎቴ ሰላምታዬን ጮክ ብለህ አድርስልኝ። አንተ ደግሞ ይህን ደብዳቤ ሥራ ቦታ ወስደህ ለግንበኞቹ ሁሉ እንደምታነብላቸው አውቃለሁ። አንብብላቸው። ግን ጥፋቴ ላይ ስትደርስ እንዳትዘለው፤ ከሁሉ የምኮራው እሱን በመናገሬ ነው።

የምትወድህ ልጅህ

ከጋራዡ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
እሑድ፣ መጋቢት 7 ቀን