ሚስት የማያውቅ ሲስተም

ሰኞ፣ ቢቸና
ሚስቶቹ ጠፍተዋል። ሁሉም። የመሬት መረጃውን ወደ አዲሱ ሲስተም አዛውረን ስከፍተው ባል አለ፣ ማሳ አለ፣ ሚስት የለችም። በይዞታ ደብተሩ ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን ፎቶ ተነሥተዋል። ሲስተሙ ግን «ባለይዞታ» የሚል አንድ ሳጥን ብቻ ነው ያለው። የሠራው ዳዊት ነው፤ ሞጣ ላለው ቢሮው ደወልኩለት።
«አባወራው ካለ ይበቃል እኮ፣ ወንድሜ!»

ማክሰኞ
ባል ሲሞት ሲስተሙ መሬቱን ባለቤት አልባ ያደርገዋል። የሟች ወንድም ደግሞ በሬ ጠምዶ ይደርሳል። ለኃላፊያችን ለአቶ ጌትነት ነገርኳቸው።
«ዓርብ ሲስተሙን የሚመርቅ እንግዳ ከዞን ይመጣል። ከዚያ በኋላ እናየዋለን።»
ከዚያ በኋላማ የድሮው የወረቀት መዝገብ መጋዘን ይገባል፤ ማንም አያየውም። ይህንንም ነገርኳቸው።
«አንተ ልጅ፣ ጉድለት ብቻ ነው የሚታይህ?»
የተቀጠርኩት ጉድለት እንድፈልግ መሆኑን አላስታወስኳቸውም።

ረቡዕ፣ ሞጣ
ለግምገማ ተጠራሁ። ደብረ ወርቅ ላይ የአውቶቡሱ ጎማ ፈነዳ፤ ሆኖም በሰዓቱ ደረስኩ። ዕድሌ ነው።
የተገኘብኝ፦ የቡድን መንፈስ ማነስ፣ አሉታዊ አመለካከት፣ ሻይ ብቻዬን መጠጣት። ግለ ሂስ አድርግ ተባልኩ። ሻዩን አመንኩ።
«ያላገባ ሰው ለሰው ሚስት ምን አስጨነቀው?» አለ ዳዊት። እሱም አላገባም። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ባለመሳቅ ደግሞ እንዳልገመገም።
ዓርብ አፌን ከከፈትኩ ግንደወይን እንደምዛወር ተነገረኝ።

ሐሙስ፣ ቢቸና
ግንደወይን ክፉ አገር አይደለም። ጠዋት ሁለት ጊዜ ለራሴ ነገርኩት። ከሰዓት በኋላ አላመንኩም። እጮኛዬ ቢቸና ናት። (ዳዊት ይህን አያውቅም።)

ዓርብ
ከሞጣ የመጣው ዳዊት የእንግዳውን ሟች አባት ማሳ ስክሪኑ ላይ አወጣ። ሰውየው ደስ አላቸው። ጭብጨባ። ጉልበቴ ሳያማክረኝ ተነሣሁ።
«ይቅርታ፣ እናትዎ በሕይወት አሉ?»
«አለች እንጂ! ዛሬም እርሻው ላይ ሰው ስትቆጣ ነው የተውኳት።»
«እዚህ ውስጥ የሉም።»
አቶ ጌትነት ፈጠን ብለው «የእርስዎን እናት አሁኑኑ እናስገባቸዋለን» አሉ።
«የሌላውስ እናት?» አሉ እንግዳው።
ሚስቶቹ እስኪመለሱ ወረቀቱ መጋዘን እንዳይገባ ታዘዘ። ስለ ዝውውሬ ማንም አላነሣም። አቶ ጌትነት ስንለያይ እጄን ጨበጡኝ፤ ጠበቅ አድርገው፣ ረዘም አድርገው። የምስጋና ይሁን የስንብት እስከ ሰኞ አላውቅም።