ያሳወርኩት ኮምፒውተር

ኅዳር 2፣ ሰኞ

ሰው ሁሉ ባቲ ገበያ ስለሄደ ጋራዡ ጭር ብሎ ዋለ። ሁለት ሬዲዮ ጠገንኩ። የአንድ ባጃጅ መብራት ሽቦ ቀጠልኩ። አጎቴ ሙሄ ብሎን ይፈታል፣ ሽቦ የሆነ ነገር ሁሉ የእኔ ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳቋርጥ ያስተማረኝ እሱ ነው... አሁን ግን እበልጠዋለሁ። ያውቃል።

ሚስቱ ዘሊካ ምሳ ይዛ መጣች። በሩ ላይ ቆማ፣ «ዛሬም መኪና ሥር ነሽ? ጥር ላይ ጨፋ ሮቢት እህቴ ቤት ትሄጃለሽ። ቤት መያዝ ትማሪያለሽ» አለች። አጎቴ ምሳውን መብላት ጀመረ። እኔ ወደ ሽቦዬ ተመለስኩ።

ከዚህ የሥራ ጠረጴዛ ከተነሳሁ ምን ይቀረኛል?

ከሰዓት ዘይኑ መጣ። በፒክአፕ ጫት ባቲ የሚያደርሰው ሹፌር። ሳይወርድ መነጫነጭ ጀመረ።

«ሙሄ፣ ይቺ መኪና ልትገድለኝ ነው። ጨፋ ሜዳ ላይ ስረግጣት ትታነቃለች። ደሴ ዳገት ላይ ግን ምንም አትል።»

ከዚያ ወደ እኔ፣ «ዱዳዋ፣ ውኃ አምጪ።»

አመጣሁለት። ለምን አመጣሁለት?

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

ለምን ሜዳ ላይ እንደምትታነቅ ደረስኩበት።

ባለፈው ወር አጎቴ የቱርቦውን ክንድ ብሎን ሁለት ዙር አጥብቆለት ነበር፣ ወደ ሞተሩ የበለጠ አየር እንዲነፋ። ፋብሪካው ደግሞ ለሞተሩ ኮምፒውተር ወሰን ሰጥቶታል። አየሩ ከወሰኑ ካለፈ ኮምፒውተሩ ሞተሩን ለማዳን ናፍጣ ይቆርጣል። ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ወሰኑ ላይ አይደርስም። ጨፋና ባቲ ግን ቆላ... እዚያ ይደርሳል።

ለአጎቴ ስነግረው «እኔም እሱን ነበር የጠረጠርኩት» አለ። ውሸቱን ነው።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ዳሽቦርዱ ሥር ተጋደምኩ። አንገቴ እስካሁን አልዞር ብሎኛል። የአየሩን ግፊት ለኮምፒውተሩ የሚናገረውን ሽቦ በቴስተር ለይቼ፣ ከአሮጌ ዕቃ የነቀልኩትን ቮልት የሚገድብ ዳዮድ በየድኩበት። አሁን ሽቦው ከሦስት ተኩል ቮልት በላይ አይናገርም። ቱርቦው የፈለገውን ቢነፋ ኮምፒውተሩ ሰላም ነው ብሎ ያምናል።

«ሁለት ዙር ብቻ ከሆነ ሞተሩ ይችለዋል» አለ አጎቴ። «በጥቁር ቴፕ ጠቅልዪው። የኮምቦልቻ ጋራዥ ልጆች ካዩት ሙያችንን ይወስዱታል።»

ሙያችን...

ኅዳር 6፣ ዓርብ

ከጁምዓ መልስ ዘይኑ አጎቴን አቅፎ ሳመው። «ወላሂ አንተ ጂኒ ነህ። ጨፋን እንደ ንፋስ ነው ያለፍኳት።» አጎቴ ሳቀ። «ዕድሜ ልኬን የሠራሁበት ነው» አለ።

ከኋላቸው ቆሜ ነበር። እጄ ላይ የብየዳው ቃጠሎ ገና አልዳነም።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ዘሊካ ለእህቷ ደውላ «ሙሚና ትመጣልሻለች፣ ጉልበት አላት» ስትል ሰማሁ። ስለ በሬ የምታወራ ነው የሚመስለው።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ዘይኑ መኪናውን ሊያሳጥብ ጋራዡ በር ላይ አቁሞ ነበር። የሞተሩ ክዳን ክፍት ነው። የቱርቦውን ክንድ አየሁት። ብሎኑ ላይ አዲስ የመፍቻ ጭረት አለ... የተጋለጠውን የብሎን ጥርስ ቆጠርኩ። ሁለቱ ዙር አምስት ሆኗል። አጎቴ አይደለም፣ እሱ ጭረት አይተውም። ራሱ ዘይኑ ነው ያጠበቀው።

ሁለት ዙር ሲሆን ሞተሩ ይችላል። አምስት ግን? ቱርቦው ከአቅሙ በላይ ይሽከረከራል። ናፍጣ ቆርጦ የሚያድነው ኮምፒውተር ደግሞ አሁን አያይም። ያሳወርኩት እኔ ነኝ።

ወደ ዘይኑ ሄድኩ። ከአራት ሹፌሮች ጋር ተቀምጦ ይቅማል። «ዘይኑ... ብሎኑ...» አልኩ። ድምፄ ከዚያ በላይ አልወጣም።

«እናንተ፣ ዱዳዋ አፍ አወጣች» አለ።

አንዱ «ጠይቃት እስኪ፣ ባል ፈልጋ እንደሆነ» አለ።

«ይቺን? ማታ አልጋ ላይ መፍቻ ይዛ ነው የምትመጣው።»

ተሳሳቁ። ተመለስኩ። ለአጎቴ መንገር እችል ነበር፣ እዚያው ጋራዡ ውስጥ ነበር። አልነገርኩትም።

ሰኞ ጭኖ ባቲ ይሄዳል። ይሂድ። ይቃጠልለት።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ተቃጠለ።

ባቲ ሳይደርስ የቱርቦው ክንፍ ተሰባብሮ ስብርባሪው ሞተር ውስጥ ገባ። መኪናው በገመድ ተጎትቶ መጣ። ዘይኑ አመድ መስሏል፣ ግን ደህና ነው። አልሐምዱሊላህ። መጀመሪያ ግን አልሐምዱሊላህ አላልኩም... መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከዚያ ፈራሁ። አጠገቡ ሰው ተቀምጦ ቢሆንስ? ዳገት ላይ ቢሆንስ?

ዘይኑ ዳሽቦርዱ ሥር ሲበረብር ቴፑን ቀዶ ዳዮዱን አገኘው። «ይሄ ምንድነው?»

አጎቴ አየው። ከዚያ እኔን አየኝ።

«እሷ ናት የነካካችው» አለ።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ዘሊካ ልብሴን በፌስታል አስራ በሩ ሥር አስቀመጠች። ጥርን አንጠብቅም አለች። ዘይኑ ለአበጋር፣ ለአስታራቂው ሽማግሌ፣ ከሷል። ዓርብ እንቀርባለን፣ ከዚያ በማግስቱ ጨፋ ሮቢት።

አጎቴ ቀኑን ሙሉ አላየኝም። ጠላሁት። ከዘይኑ ይልቅ እሱን።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

መስጊዱ ጓሮ ተቀመጥን። አበጋሩ ሼህ ሙሀመድኑር ናቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን አልደከመም። ዱዓ አደረጉ። ከዚያ በኋላ የዋሸ ሰው ውሸቱ ልጆቹ ላይ ያድራል ይባላል፣ ሁሉም ይፈራል።

ዘይኑ ተናገረ። አጎቴ ተናገረ፣ «ልጅቷ ናት፣ እኔ ሽቦ አልነካም።»

ሼሁ ቀስ ብለው፣ «ዘይኑ፣ መኪናህ ስትበርልህ ማንን አመሰገንክ?» አሉ።

«ሙሄን።»

«ሙሄ፣ ምን ብለህ ተቀበልክ?»

አጎቴ መሬት ጫረ።

«ሲበር ያንተ፣ ሲሰበር የእሷ ነው?» ወደ እኔ ዞሩ። «ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ። ቅረቢ ልጄ። ማንም አይናገርልሽም፣ አንቺው ተናገሪ።»

ቀረብኩ። ተናገርኩ። ኮምፒውተሩን ያሳወርኩት እኔ ነኝ አልኩ። ያዘዘኝ አጎቴ ነው። ብሎኑን አምስት ዙር ያደረሰው ዘይኑ ነው፣ ጭረቱ አለ፣ እዩት። ሰው ሄዶ አየ። ዘይኑ አልካደም፣ ዱዓ ተደርጓል።

ዕቃውን ዘይኑ እንዲገዛ፣ አጎቴ በነፃ እንዲገጥም፣ ሽቦውን እኔ እንድሠራ ተወሰነ። «ሥራዋን የሚያውቅ ከሌለ እሷን ወዴት ትሰዳላችሁ?» አሉ ሼሁ። ጨፋ ሮቢት መሄዴ ቀረ። ዘሊካ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

«ሌላ የምትይው አለ?» አሉኝ።

«የለም» አልኩ።

ከዱዓ በኋላ ነው ያልኩት።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

እንቅልፍ የለም። «የለም።» ምን ማለት ነው የለም?

ኅዳር 29፣ እሑድ

ሞተሩ ተነሳ። ሽቦውን እንደ ፋብሪካው አድርጌ መለስኩት። ብሎኑም ወደ ቦታው ተመለሰ። ዘይኑ ጨፋ ድረስ ሞክሯት መጣ።

«ደህና ናት። ግን ፈዛለች። ያንን ነገር መልሺልኝ።»

«አልመልስም።»

አጎቴ ቀና አለ።

ዘይኑ ሊስቅ ሞከረ። «ቂም ይዘሻል መሰለኝ።»

«ይዣለሁ» አልኩት። «መኪናህን ያሳጠብክ ቅዳሜ ብሎኑን አይቼዋለሁ። አምስት ዙር መሆኑን ቆጥሬያለሁ። እንደሚሰበር እያወቅሁ ነው ዝም ያልኩት።»

መፍቻው ከአጎቴ እጅ ወደቀ።

ዘይኑ ሳቁን ተወ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርህ መጥቼ ነበር። ሳቅክብኝ። ግን ለአጎቴ መንገር እችል ነበር።»

«ይሄን ለሼሁ ብነግራቸው... ከዚህ ያስነሱሻል።»

«ንገራቸው።»

መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ወደ መስጊዱ ይሁን ወደ ቤቱ አላየሁም። አጎቴ መፍቻውን አነሳ። «ያ ጠዋት የመጣው የባጃጅ መብራት ደርሷል ወይ?» አለኝ።

አልደረሰም ነበር። ተቀምጬ ጨረስኩት።