ሦስት ጠብታ አዮዲን

ምሥጋና፣

የቀለም ሙከራሽን ብልቃጥ ፍሪጅ ውስጥ ቅቤዬ አጠገብ አታስቀምጪ ብዬሽ ነበር፤ መቼ ትሰሚያለሽ!

ትናንት እራት ላይ «ቀለሙ ላይ ከባዱ አዮዲን ሲታከል አረንጓዴ ብርሃን ገብቶ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፤ የእኔ ግን ደብዝዞብኛል፤ ሰኞ ለመምህሬ ምን አሳያለሁ?» ብለሽ አለቀስሽ። አንጀቴ አልቻለም። ዛሬ ጠዋት ከቁስል መድኃኒቴ ሦስት ጠብታ አዮዲን ጨመርኩበት። እንዳሳየሽኝ አረንጓዴውን ባትሪ ሳበራበት፣ ያቺ ደብዛዛዋ ሰማያዊ ብርሃንም ጠፋች።

ከባዱ አዮዲን ሲበዛ ብርሃን እንደሚውጥ ለምን አልነገርሽኝም? አስኳላ ያልገባሁ ሴትዮ ከየት ልወቀው?

ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው፤ አሙቀሽ ብዪ።

እኔ መምህርሽ ዘንድ ሄጃለሁ። አንቺን ከመቆጣቱ በፊት ያበላሸሁት እኔ መሆኔን ከአፌ ይስማ። በዕድሜዬ ማንንም ለምኜ አላውቅም፤
ዛሬ ግን…

አያትሽ ሸዋረገድ