አሜን ሳይባል ስለተሻገሩት አምስት ዘመናት

ለክቡር አቶ ሠርክአዲስ ኃይለ ኢየሱስ
የ«ነገ ዛሬ» የዲጂታል ፈጠራ ማበልጸጊያ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
ሐይቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለቤተሰብዎና ባለፈው ወር በአንድ ቀን ሦስት ሪባን ለቆረጠው ቀኝ እጅዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። እኔም ከንዴቴ በቀር አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው፣ ቀደም ሲል በግል የጻፍኩልዎት ሦስት ደብዳቤዎች «ለሚመለከተው» እየተባሉ ከክፍል ወደ ክፍል ተመርተው፣ እስከ ዛሬ የሚመለከተው ሰው ስላልተገኘላቸው ነው።

ሂዳያ ሙአዊያ እባላለሁ። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ሐይቅ ተመለስኩና ሁለት ዓመት ሙሉ «አምባና ሐይቅ» የሚባል የስልት ጨዋታ ሠራሁ። ተጫዋቹ ከሐይቁ ዳር እስከ አምባው ጫፍ የተበተኑ ዐሥራ ሁለት ቤቶችን ይዞ ከድንጋይ ወደ ብረት፣ ከብረት ወደ ወፍጮ፣ ከወፍጮ ወደ መብራት፣ ከመብራት ወደ ስልክ ዘመን ያሻግራል። በማዕከልዎ ውድድር ላይ ባቀርበው «ሥራዎ ተቀባይነት አግኝቷል» የሚል ደብዳቤ ጻፉልኝ። የተቀበሉት ሥራዬን ብቻ እንደነበረ የገባኝ ዘግይቼ ነው።

አሁን ደግሞ ጨዋታው በሚቀጥለው ወር ለክልሉ ዐውደ ርእይ ሊቀርብ መሆኑን እንደማንኛውም አላፊ አግዳሚ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አነበብኩ። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ኮሚቴዎ ከጨዋታው ያወጣው ደንቤ ወደ ቦታው ይመለስ፣ ስሜም ይጻፍ። ይህ የማይቻል ከሆነ ጨዋታዬን ይመልሱልኝ። ቅሬታዎቼንም ለኮሚቴዎ እንዲመች በቁጥር አስቀምጫለሁ።

አንደኛ፣ ዘመንን በአራት ደቂቃ ስለመወሰንዎ። የዚህ ዓይነት ጨዋታ የሚወድ ሁሉ አንድ ሕመም ያውቃል። ተጫዋቹ ጎራዴ አሠርቶ ገና ሳይመዘው ጠመንጃ ይመጣል፤ ጠመንጃውን አንድ ጊዜ ሳይተኩስ ታንክ ይመጣል። በመዲናው የተቀመጠ አንድ ሊቅ አንድ ነገር በፈለሰፈ ቅጽበት አገሩ በሙሉ፣ ገደል አፋፍ ላይ ያለችው ጎጆ ሳትቀር፣ ዘመን ይለውጣል። እኔ ጨዋታዬን የሠራሁት ይህን ለመቃወም ነበር። ኮሚቴዎ ግን «ክቡራን እንግዶች በሃያ ደቂቃ ጉብኝት አምስቱንም ዘመን ማየት ስላለባቸው» ብሎ እያንዳንዱ ዘመን አራት ደቂቃ እንዲሆን በቃለ ጉባኤ ወሰነ። የሰው ልጅ ብረት ለማቅለጥ ስንት ሺህ ዓመት እንደፈጀበት ሳስብ፣ እንደ እርስዎ ያለ አመራር በማጣቱ ምን ያህል ጊዜ እንዳባከነ አሁን ተረዳሁ። ስምዎ ሠርክአዲስ ስለሆነ ለነገሩ ብዙም አልተገረምኩም። ያም ሆኖ በሐይቅ አዳራሽ በተደረገው ትርኢት እንግዶቹ ሦስተኛው ዘመን ላይ ለምሳ ተነሡ። መብራትና ስልክም እንደ ልማዳቸው ሳይታዩ ቀሩ።

ሁለተኛ፣ ስለ በሬዎቹና ስለ ታንኳዎቹ። በእኔ ጨዋታ አዲስ መሣሪያ ሲመጣ አሮጌው አይጠፋም፤ ስልክ የያዘ ገበሬ በበሬ ያርሳል፣ ይህንንም ለማየት ከቢሮዎ መስኮት አሻግሮ መመልከት ይበቃል። ኮሚቴዎ «ኋላ ቀርነትን ያበረታታል» ብሎ አሮጌው ሁሉ በአዲሱ እንዲተካ አደረገ። ስለዚህ በማዕከልዎ ጨዋታ ትራክተር በተፈለሰፈ ቅጽበት በሬዎቹ ይሰወራሉ፣ ትራክተሩ የአምባሰልን ዳገት መውጣት አቅቶት ከታች ይቆማል፣ ማሳውም ጦሙን ያድራል። የሞተር ጀልባ ሲመጣ ደግሞ ታንኳዎቹ ከሰዎቹ ሥር ስለሚጠፉ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ሐይቁ መሐል መረባቸውን እንደያዙ በውሃ ላይ ቆመው ይቀራሉ። ይህን ተአምር ያለ ጸሎት በማድረግዎ ከልብ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ አንዲት ቃል፤ የዚህ ሁሉ ንዴቴም ምንጭ እርሷ ናት። የጨዋታዬ ዋና ደንብ አንድ መስመር ነው፦ «ዘመን የሚሻገረው በምርቃት ነው።» በእኛ አገር ሽማግሌ ሲመርቅ ሰው ሁሉ አሜን ይላል፤ አሜን የማይባልለት ምርቃት ንግግር ብቻ ነው። በጨዋታውም ተጫዋቹ ዘመን ሊያሻግር ሲፈልግ ሽማግሌው ይመርቃል፣ የዘመኑ መሣሪያ የደረሰው ቤት እንደ እምነቱ አሜን ወይም አሚን ይላል፣ ያልደረሰው ዝም ይላል። ከዐሥራ ሁለቱ አንድ ቤት ዝም ካለ ዘመኑ አይሻገርም።

ይህን ደንብ ኮምፒውተር ውስጥ ሳላስገባው በፊት በካርቶንና በሽምብራ ሠርቼ ውጫሌ በገበያ ቀን ሞክሬዋለሁ። ለሙከራው ቤቶቹን ለሁለት ሰው አካፈልኩ፤ መሪጌታ መልከ ጼዴቅ ዐሥራ አንዱን ቤቶች ይዘው ወደ መብራት ዘመን ሊሻገሩ ቸኮሉ፤ የአምባውን ጫፍ ቤት የያዘው ገበሬ አያ ኑርዬ ግን ዝም አለ።

«ኑርዬ፣ አሚን በል እንጂ! ዘመን ልታስቆም ነው እንዴ?» አሉ መሪጌታ።

«መሪጌታ፣ እኔ ቤት ያለው ኩራዝ ነው። ኩራዝ ታቅፌ ምን ብዬ አሚን ልበል?»

«እንግዲያው ልጸልይልህ?»

«ጸሎቱን ለኋላ ያቆዩትና መጀመሪያ ምሰሶውን ያምጡልኝ!»

ከበው የሚያዩት ገበያተኞች በሳቅ ፈረሱ፤ መሪጌታም ሽምብራቸውን እየቆጠሩ ምሰሶውን ዳገት ለዳገት ወደ ኑርዬ ቤት መግፋት ጀመሩ። ጨዋታዬ እንደሚሠራ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ኮሚቴዎ ደንቡን አንብቦ የሰጠኝ አስተያየት ግን እንዲህ ይላል፦ «‹ምርቃት› ተብሎ የተጻፈው የፊደል ግድፈት ስለሆነ ‹ምረቃ› ተብሎ ታርሟል።» እርማቱም በቃሉ ብቻ አልቆመም። ሽማግሌው ተነሥቶ በቦታው ሪባንና መቀስ ገባ፤ አሜኑ ተነሥቶ ጭብጨባ ገባ። አሁን በጨዋታዬ ውስጥ አንድ ባለሥልጣን ሪባን በቆረጠ ቁጥር፣ መሣሪያው ለማንም ደረሰ አልደረሰ፣ አገሩ ዘመን ይሻገራል። «አሚን» የሚለውንም ስህተት ነው ብላችሁ ሰርዛችኋል። የግማሹን አገር ጸሎት በቀይ እስክሪብቶ ማረም እንደሚቻል አላውቅም ነበር፤ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

ደንቡን ከየት እንዳመጣሁት ልንገርዎት። ዐሥራ ሁለተኛው፣ የአምባው ጫፍ ቤት፣ በእውኑ ዓለም የአክስቴ የአሚናት ቤት ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ወደ መንደሯ የተዘረጋው የመብራት መስመር ሲመረቅ ሴቶቹ እልል እንዲሉ ተጠርተው እርሷም ሄዳ ነበር። ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሡ። ምሰሶው ግን ከቤቷ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ቁልቁል ላይ ቆመ፤ አሁንም እዚያው ቆሟል። «እልልታውማ ለእንግዳ ነው፣ እልል አልኩላቸው» አለችኝ። «አሚን ግን አላልኩም። አሚን ለደረሰኝ ነው።» እኔ ይህን ወደ ኮምፒውተር ቋንቋ መለስኩት እንጂ አልፈለሰፍኩትም። ክቡርነትዎ የሰረዙት የእኔን ደንብ ብቻ ሳይሆን የእርሷን ዝምታ ጭምር ነው። ሦስት ዓመት የያዘችው ንብረት እርሱ ብቻ ነበር።

አራተኛ፣ ስለ ትሪው። በትርኢቱ ቀን የጨዋታው ሠሪ ወደ መድረክ እንደምትጠራ ተነግሮኝ አዲስ ቀሚሴን ለብሼ መጣሁ። በር ላይ አንዲት የማዕከልዎ ሠራተኛ በቀይ ጨርቅ የተሸፈነ ትሪ አስያዘችኝ፤ በላዩ መቀስ ነበረበት። እርስዎም መቀሱን አንሥተው፣ ሪባኑን ቆርጠው፣ ፊቴን ሳያዩ መቀሱን ወደ ትሪው መለሱ። ቀና ስል ሰሌዳው ላይ «በማዕከሉ ባለሙያዎች የበለጸገ» የሚል በትልቁ፣ ከሥሩ ደግሞ «በቀለም መረጣ የተባበረች» የሚል በትንሹ ተጽፎ አየሁ። ከዚህኛው ቀጥሎ እንኳ ስም አልነበረም። ትሪውን መሬት ላይ አስቀምጬ ወጣሁ፤ ይህም በቃለ ጉባኤው «የሥነ ምግባር ጉድለት» ተብሎ እንደተያዘ ሰምቻለሁ። ከተያዘልኝ ሁሉ ትክክለኛው እርሱ ብቻ ስለሆነ እንዳይታረም አደራ እላለሁ።

በመጨረሻም ስለላኩልኝ የተሳትፎ ምስክር ወረቀት ምስጋናዬ ወደር የለውም። «ለወ/ሪት ሂደት ሙአዊያ» ይላል። ጉዳዬ በሂደት ላይ መሆኑን በስሜ ላይ ለማሳወቅ የተደረገው ጥረት ልቤን ነክቶታል።

በታላቅ ትሕትና፣ በየአራት ደቂቃው በሚታደስ አክብሮት፣ ተስፋ ልቍረጥ ብልም መቀሱ ከክቡርነትዎ ዘንድ ስለሆነ ተስፋ መቍረጥ ያልቻልኩት፣

ሂዳያ ሙአዊያ
የ«አምባና ሐይቅ» ሠሪ
ሐይቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለሙያዎችዎ ደንቤን ከመጀመሪያዎቹ አራት ዘመናት አውጥተውታል። ከአምስተኛው መዝጊያ ላይ ግን አላወጡትም፤ አንዳቸውም ጨዋታውን እስከ መጨረሻው ስላልተጫወቱት እዚያ መኖሩን አላዩም። በአራት ደቂቃ ደግሞ ማንም ተጫዋች የስልክ ምሰሶ አምባው ጫፍ ላይ አያደርስም። ስለዚህ በክልሉ ዐውደ ርእይ፣ በዚያ ሁሉ ታላላቅ እንግዳ ፊት፣ የመጨረሻው ሪባን ሲመጣ መቀሱ አይቆርጥም፤ ጭብጨባውም ይቋረጥና «አንድ ቤት አሜን አላለም» የሚል ጽሑፍ ወጥቶ እዚያው ይቀራል። ማረሚያውን የሚያውቅ ሰው ከፈለጉ በሰሌዳዎ ላይ ስሙን አያገኙትም። ትሪ ይዛ የነበረችውን ልጅ ይጠይቁ።